ዓይን የሚያየውና ማሽን የሚያነበው

በፌብሩዋሪ 2014 አፕል ለአይፎንና ለአይፓድ አስቸኳይ ማስተካከያ ለቀቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስልኩ ከባንክ፣ ከኢሜይልና ከሌሎች ድረ ገጾች ጋር በምስጢር ሲገናኝ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር ነኝ የሚለውን መሆኑን የሚያጣራ ኮድ አለ፤ ጉድለቱ የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ ኮድ አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ ተደግማ ተጽፋለች። «ጎቱ ፌይል» የምትባለው ይህች መስመር፣ ማጣራቱ ካልተሳካ ቀሪውን ትቶ ወደ መጨረሻው እንዲዘለል ታዛለች። የመጀመሪያዋ ከላይዋ ባለው «ኢፍ» በሚባል የሁኔታ ትእዛዝ ስር ስላለች የምትሠራው ስህተት ሲገኝ ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል ገባ ብላ በመጻፏ ለአንባቢ ዓይን በዚያው «ኢፍ» ስር ያለች ትመስላለች። ቅንፍ ስላልነበረ ግን ኮምፒውተሩ ስህተት ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ይፈጽማታል። በዚህ ምክንያት የፊርማው ማረጋገጫ ሳይሠራ ይታለፍና ግንኙነቱ ጤናማ ነው ተብሎ ይቀጥላል። መስመሩን መካከል ላይ መጥለፍ የቻለ ሰው ራሱን ባንኩ አድርጎ ማቅረብ ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ ኮድ የተጻፈው በዓለም ከታወቁት ኩባንያዎች በአንዱ ነው፤ ስህተቱም ከዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። ሰው ኮድ ሲያነብ ዓይኑ የመስመሮቹን አሰላለፍ ይከተላል። በአብዛኛው ቋንቋ ማሽኑ ለአሰላለፍ ደንታ የለውም፤ ቅንፉንና ምልክቱን ብቻ ያያል። ሁለቱ ሲለያዩ ሰው ዓይኑን ያምናል፣ የሚፈጸመው ግን ማሽኑ ያነበበው ነው። የዌብ ኮድ የሚጽፍ ሰው ወይም ቡድን መሣሪያ ሲመርጥ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛው ታዋቂ ነው፣ የትኛው ብዙ ደንብ አለው፣ የትኛው ገጽታው ያምራል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከአንድ ጥያቄ በኋላ ይምጡ፦ ሰው በሚያየውና ማሽን በሚፈጽመው መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠብልኝ የቱ ነው? ከዚህ የተነሳ ሰው ምርጫው ይቀልለታል፤ የሚያስፈልገውም መሣሪያ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል።

መሣሪያዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ኤዲተር ኮዱ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። ፎርማተር የኮዱን ትርጉም ሳይነካ መስመሩን፣ ክፍተቱንና የቅንፉን ቦታ በአንድ ወጥ ሥርዓት ያሰልፋል። ሊንተር ደግሞ ኮዱን ሳያስኬድ እያነበበ አጠራጣሪ ቦታ ሲያገኝ ይጠቁማል። በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ብናስበው ኤዲተሩ የጸሐፊው ጠረጴዛ፣ ፎርማተሩ ገጽ አቀናባሪው፣ ሊንተሩ አራሚው ነው። የመጀመሪያውን ሊንተር በ1978 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብስ ስቲቨን ጆንሰን ለሲ ቋንቋ ሠራው። በዌብ ላይ አራሚ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በጃቫስክሪፕት አወላለድ ምክንያት ነው። ብሬንዳን አይክ በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ የቋንቋውን የመጀመሪያ ቅጂ የሠራው በ10 ቀን ነበር። በድረ ገጽ ላይ ለሚሠሩ ትንንሽ ነገሮች ታስቦ የተወለደ ስለሆነ፣ ግር የሚል ነገር ሲያጋጥመው ከመቆም ይልቅ ገምቶ ማለፍ ይቀናዋል። ዛሬ ባንክ፣ ሆስፒታልና ትኬት ቢሮ በዚሁ ቋንቋ ይሠራሉ፤ የገምቶ ማለፍ ጠባዩ ግን አብሮት አለ።

ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። አንድ ኮድ ጎብኚው አስተዳዳሪ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል እንበል። በጃቫስክሪፕት የሁለት ነገሮችን እኩልነት ለመጠየቅ ሦስት የእኩል ምልክት ይጻፋል። አንድ ብቻ ከተጻፈ ግን ትእዛዝ ይሆናል፤ በቀኝ ያለውን በግራ ላለው ስጠው ማለት ነው። ጸሐፊው በ«ኢፍ» ቅንፍ ውስጥ እጁ ስቶ አንድ ምልክት ብቻ ከጻፈ፣ ኮዱ ጎብኚው አስተዳዳሪ መሆኑን መጠየቁን ትቶ አስተዳዳሪ አድርጎ ያስገባዋል። ብራውዘሩ ምንም አይልም፣ ገጹም በደንብ ይከፈታል። ኢኤስሊንት የተባለው የጃቫስክሪፕት ሊንተር ግን ፋይሉ ገና እየተጻፈ ሳለ ቦታዋን ያሳያል። ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ይገርማል። ጸሐፊው «ሪተርን» ብሎ ጽፎ፣ የሚመለሰውን መረጃ ለማሳመር ሲል በሚቀጥለው መስመር ላይ በቅንፍ አስቀመጠው እንበል። ቋንቋው ከ«ሪተርን» ቀጥሎ ከራሱ ሴሚኮለን ይጨምርና ባዶ እጁን ይመለሳል። ለዓይን መረጃው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለማሽኑ ግን የለም። ፎርማተር ይህን ኮድ ሲያሰልፍ ማሽኑ በሐሳቡ የጨመረውን ሴሚኮለን በግልጽ ይጽፈዋል፤ ጸሐፊውም የተደበቀውን ነገር በዓይኑ ያያል። የአፕልን ኮድም ፎርማተር አልፎበት ቢሆን ሁለተኛዋን መስመር ወደ ግራ አውጥቶ ከ«ኢፍ» ጋር ያሰልፋት ነበር። ሊንተር ቢያልፍበት ደግሞ ከሷ በታች ያለው ኮድ ፈጽሞ የማይደረስበት መሆኑን ይናገር ነበር።

ስለዚህ ፎርማተርን የማሳመር ጉዳይ አድርጎ ማየት ያሳስታል። ሥራው አሰላለፉ እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ የትኛው ሥርዓት ይሻላል የሚለው ክርክር ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። ታብ ወይስ ስፔስ፣ ነጠላ ጥቅስ ወይስ ድርብ፣ ቅንፉ በዚህ መስመር ይዘጋ ወይስ በሚቀጥለው እየተባለ በየቡድኑ የሚፈጀው ሰዓት ለተጠቃሚው አንዲት ጥቅም አያመጣም። የጎ ቋንቋ ሠሪዎች ይህን ቀድመው ስለተረዱ ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን ፎርማተር ምንም ምርጫ የማይሰጥ አድርገው ሠሩት። በጃንዋሪ 2017 ጄምስ ሎንግ ያወጣው ፕሪቲየር ያንን መንገድ ወደ ዌብ አመጣው፤ ምርጫዎቹ ጥቂት ናቸው፣ መስመር ከ80 ፊደል እንዳያልፍ ይጥራል፣ የቀረውን ራሱ ይወስናል። በ2023 የኢኤስሊንት ሠሪዎችም አሰላለፍን የሚመለከቱ ደንቦቻቸውን ከዋናው ፕሮግራም እንደሚያወጡ አስታውቀው ሥራውን ለፎርማተሮች ለቀቁ። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ አንዱን ፎርማተር ውሰዱ፣ ሲመጣ ባለው ቅንብር ተጠቀሙ፣ ወደ ቅንብሩ ፋይል አትመለሱ።

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ እውነት አለው። በጥንቃቄ በእጅ የተሰለፈ ኮድ አንዳንዴ ፎርማተር ካሰለፈው ይበልጥ ይነበባል። በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ ዓይን በአንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ፎርማተር ሲበታትነው ግን ቅርጹ ይጠፋል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። ለዚህም ፕሪቲየር የተወሰነ ቦታ እንዳይነካ የሚያዝ ማስታወሻ አለው፤ ሠንጠረዡ ላይ ይጻፍና ይለፍ። ነገር ግን በአንድ ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። በቀረው ሰፊ ክፍል አንድ ሰው በእጁ ያሰለፈውን ሌላው ሲነካው ማፍረሱ አይቀርም፤ ያኔ አሰላለፉ ውሸት መናገር ይጀምራል።

ሊንተር ላይ ስንመጣ ምርጫው ይከብዳል፤ እዚህ ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት ደግሞ ወደ ማብዛት ነው። ደንብ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል ብሎ ማሰብ ይቀናል። ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች በይፋ ያሳተሙት ተሞክሮ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ጉግል በ2018 እንደጻፈው፣ አጠራጣሪ ኮድ የሚዘረዝር የተለየ ገጽ ሠርቶ ፕሮግራመሮቹ ሄደው እንዲያዩት ሲያደርግ ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። በኋላ ጥቆማው ኮዱ በሌላ ባለሙያ በሚገመገምበት ሰዓት፣ በዚያው መስመር ላይ እንዲታይ ተደረገ፤ ከ10 ጥቆማ አንዱን ያህል ፕሮግራመሮች የማይረባ ነው ካሉም ያ ደንብ እንዲታረም ወይም እንዲወጣ መስፈርት ወጣ። ፌስቡክ በ2019 ያሳተመው ደግሞ ይበልጥ ቁርጥ ያለ ነው። አንዱን መርማሪ ፕሮግራም ሌሊት አስኪደው የስህተት ዝርዝሩን ለባለሙያዎች ሲያከፋፍሉ የሚታረመው ወደ ዜሮ የቀረበ ነበር። ያንኑ ፕሮግራም አዲስ ለውጥ ሲቀርብ ወዲያው እንዲናገር ሲያደርጉት ከ70 በመቶ በላይ ታረመ። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፣ የሚያገኘውም ስህተት ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚናገርበት ሰዓት ነው።

ከዚህ የማገኘው ትምህርት ማስጠንቀቂያ የሚባለውን መካከለኛ ደረጃ ማስቀረት ነው። ኢኤስሊንት አንድን ደንብ ጠፍቷል፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ስህተት አድርጎ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። በተግባር ማስጠንቀቂያ ይከማቻል፤ ብዙ መቶ ቢጫ መስመር የለመደ ዓይን በመካከላቸው የገባውን አደገኛውን አይለይም። ደንቡ ሥራ ሊያስቆም የሚገባው ከሆነ ስህተት ይባል፣ ካልሆነ ይጥፋ። በዌብ ሥራ ላይ ሥራ ሊያስቆሙ ይገባል የምላቸው ደንቦች ብዙ አይደሉም። የመረጃ ዓይነት በሚገለጽበት የጃቫስክሪፕት ዘር፣ በታይፕስክሪፕት፣ ለሚጽፍ ቡድን ከሁሉ የማስቀድመው መልሱ ሳይጠበቅ የታለፈ «ፕሮሚስ»ን (ወደፊት የሚመጣን መልስ የሚወክል ነገር) የሚይዘውን ነው። መረጃ ወደ ዳታቤዝ የሚልክ ትእዛዝ ጊዜ ስለሚወስድ ፊቱ «አዌይት» የሚል ቃል ይጻፍለታል። ቃሉ ከተረሳ ኮዱ መልስ ሳይጠብቅ ይቀጥልና ለደንበኛው «ክፍያዎ ተመዝግቧል» ይለዋል፤ ምዝገባው ግን ገና አልተጠናቀቀም፣ ምናልባትም ከሽፏል። ኮዱ ሲነበብ ምንም አይጎድለውም። በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ፈጣን ስለሆነ ሲሞከርም ይሠራል፤ የሚወድቀው በደካማ ኔትወርክ፣ በእውነተኛ ደንበኛ እጅ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በዓይኑ መያዝ አለበት ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ታዲያ የትኛውን እንውሰድ? ዛሬ ዋናው ምርጫ በሁለት መንገዶች መካከል ነው። አንደኛው ኒኮላስ ዛካስ በ2013 የጀመረውን ኢኤስሊንትን ከፕሪቲየር ጋር አጣምሮ መጠቀም ነው። ሁለተኛው በ2023 ሮም ከተባለ ፕሮጀክት የተወለደው፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈው ባዮም ነው፤ ፎርማተርና ሊንተር በአንድ ፕሮግራም ይዟል። ባዮም በዚያው ዓመት ከፕሪቲየር ፈተናዎች ከ95 በመቶ በላይ በማለፉ ለዚህ የተዘጋጀውን ሽልማት ወስዷል፤ ፍጥነቱም በግልጽ ይሰማል። አዲስ ፕሮጀክት የሚጀምር ትንሽ ቡድን ባዮምን ቢወስድ እመርጣለሁ። አንድ ጥቅል አውርዶ፣ አንድ የቅንብር ፋይል ይዞ ይጨርሳል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና ዳታ በሚከፈልበት ቦታ ለሚሠራ ሰው፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ለሆነ ላፕቶፕ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኢኤስሊንት ግን አሁንም የማይተካበት ቦታ አለው። ለየማዕቀፉና ለየሥራው በሌሎች ሰዎች የተጻፉ እጅግ ብዙ ተጨማሪ ደንቦች ስላሉት፣ ዕድሜ የጠገበ ሰፊ ፕሮጀክት ወይም ለአካል ጉዳተኞች ምቹነት ጥብቅ ምርመራ የሚፈልግ ሥራ እዚያው ቢቆይ ይሻላል። ሁለቱን ደርቦ መጫን ግን በአንድ ጽሑፍ ላይ ሁለት አራሚ እንደማጣላት ስለሆነ አልመክረውም።

ጥቂት መሣሪያ የምለው ለቅልጥፍና ብቻ አይደለም። መሣሪያው ራሱ የአደጋ በር ሊሆን ይችላል የሚለው ተቃውሞ በማስረጃ የተደገፈ ነው። በጁላይ 2018 ከኢኤስሊንት ጋር የሚሠራ አንድ ጥቅል በሌባ እጅ ገብቶ፣ ያወረዱትን ሰዎች የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ) መግቢያ ቁልፍ የሚሰርቅ ቅጂ ተለቀቀ። በጁላይ 2025 ደግሞ ኢኤስሊንትና ፕሪቲየር እንዳይጋጩ የሚያስማማው በሰፊው የሚወርድ ጥቅል፣ ባለቤቱ በተጭበረበረ ኢሜይል ተታሎ፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን የሚያጠቃ ኮድ ተጭኖበት ወጣ። ኮድ ሊጠብቅ የመጣው ዘበኛ በሩን ከፈተ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ መሣሪያውን መተው ግን ትልቁን ጉዳት መምረጥ ነው። መፍትሔው የሚወርደውን ጥቅል ቁጥር ማሳነስ፣ የእያንዳንዱን ትክክለኛ ቅጂ የሚመዘግበውን የመቆለፊያ ፋይል ከኮዱ ጋር አብሮ ማስቀመጥ፣ አዲስ ቅጂ ሲወጣም በወጣበት ሰዓት አለመጫን ነው። ሁለቱም ጥቃቶች ብዙም ሳይቆዩ ተጋልጠዋል፤ ጥቂት ቀን የታገሰ ቡድን አልተነካም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የጋራ ውሳኔ የሚጠይቅ ነው፤ ቅንብሩ በፕሮጀክቱ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም እኩል የሚያስር። ኤዲተር ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንድ አለቃ ሠራተኞቹን በሙሉ በአንድ ኤዲተር ጻፉ ሲል ያለ ምክንያት ይጨቁናል። ማይክሮሶፍት በ2016 ያወጣው፣ ኤዲተሮችና የቋንቋ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት የጋራ ሥርዓት ስላለ፣ ስህተት ማሳየትም ሆነ ቃል ማሟላት በአንዱ ኤዲተር ብቻ የሚገኝ ጸጋ መሆኑ ቀርቷል። ብዙው ሰው በ2015 ይፋ በሆነው ቪኤስ ኮድ ይጽፋል፤ ነጻ ነው፣ ለጀማሪም ይመቻል፤ ግን በውስጡ ብራውዘር ተሸክሞ ስለሚነሳ ራም ይበላል። ዌብስቶርም ይበልጥ የተሟላና ይበልጥ ከባድ ነው፤ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ያለ ክፍያ ይገኛል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ቪምን ቢለምድ አይቆጭም። ብራም ሞሌናር በ1991 ያወጣው ይህ ኤዲተር ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ውስጥ ቀላል ሆኖ ይሠራል፤ ሞሌናር እስከ ኅልፈቱ፣ እስከ 2023 ድረስ፣ ተጠቃሚዎቹ ለፕሮግራሙ ከመክፈል ይልቅ በኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ችግረኛ ሕፃናት እንዲለግሱ ይጠይቅ ነበር። ኤዲተር ደግሞ ያልፋል። ጊትሀብ ይሠራው የነበረው አተም ብዙ ወዳጅ አፍርቶ ሳለ በዲሴምበር 2022 ተዘጋ። የኮዱ ሥርዓት በኤዲተሩ ውስጥ ተደብቆ ከነበረ አብሮ ይጠፋል፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ ከተጻፈ ግን ማንም በፈለገው ኤዲተር ከፍቶ ይቀጥላል።

ነባር ኮድ ላይ ይህን ሁሉ መጀመር ያስፈራል፤ ፎርማተር በሺህ የሚቆጠር መስመር ሲነካ ማን ምን እንደጻፈ የሚያሳየው ታሪክ ይደበዝዛል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መላ አለው። ሙሉውን ማስተካከያ በአንድ ኮሚት (በአንድ የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ አድርጎ፣ የዚያን ኮሚት ቁጥር የለውጥ መዝጋቢው ጊት እንዲዘለው በሚነገርበት ፋይል ላይ መመዝገብ ይበቃል። ሊንተሩ ደግሞ መጀመሪያ አዲስ የሚነኩ ፋይሎችን ብቻ ይመርምር።

የአስተማሪዎች ስጋት ከዚህ ይጠልቃል። መሣሪያ የለመደ ተማሪ ራሱን ችሎ ማሰብ አይችልም ይላሉ። በ2024 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ዌብ ፕሮግራሚንግ እየተማሩ ላሉ ወጣቶች ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እኔ ግን መሣሪያዎቹን መለየት ይገባል እላለሁ። ኮዱን በተማሪው ፈንታ የሚጽፍለት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ይጎዳዋል። ሊንተር ግን መልሱን አይሰጥም፤ ቦታውን ጠቁሞ ምክንያቱን የሚያስረዳ ገጽ ያሳያል፣ ማረሙን ለተማሪው ይተዋል። ብቻውን ለሚማር፣ አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው ለሌለው ወጣት ከዚህ የቀረበ አስተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። በሙያው ለቆዩትም ቢሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መምጣት የሊንተርን ጥቅም አሳድጎታል፤ ማንም ጠጋ ብሎ ያላነበበው ኮድ በብዛት እየገባ ነውና።

በአማርኛ ለሚሠሩ ድረ ገጾች ደግሞ የራሳችን ክፍተት አለ። ጃቫስክሪፕት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል። በአንድ ቦታ ስሙ «ሰላም»፣ በሌላ ቦታ «ሠላም» ተብሎ ቢጻፍ ለአንባቢ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት፤ ሊንተሩ ያልታወቀ ስም ብሎ ይይዘዋል። ያው ልዩነት በጥቅስ ምልክት ውስጥ ባለ ጽሑፍ ላይ ከሆነ ግን ማንም አይናገርም፤ የከተማ ስም ፈልጎ የሚያጣ ተጠቃሚ ብቻ ያውቀዋል። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኤችቲኤምኤሉ መጀመሪያ ላይ ካልተገለጸ፣ ለዓይነ ስውራን ገጹን የሚያነበው ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ አያውቅም። ይህን መዘንጋት የሚይዝ ደንብ ለኢኤስሊንት አለ፤ ከፍቶ መጠቀም ብቻ ነው የቀረው። ኢኤስሊንት ማንም የራሱን ደንብ ጽፎ እንዲጨምር ይፈቅዳል። ሞክሼ ፊደላት በጥቅስ ውስጥ ሲለያዩ የሚጠቁም፣ በኮዱ ውስጥ በሚነጻጸር ጽሑፍ ላይ የላቲኑ ኮማ በእኛ ነጠላ ሰረዝ ሲተካ የሚያስታውቅ ደንብ መጻፍ ልምድ ላለው ፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ሆናችሁ ይህን የምታነቡ የሙያው ሰዎች አንዱን ደንብ ጻፉና ለሁሉም በነጻ ልቀቁት።